ሞተር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሬዲዮ፦ ለመኪና ሬዲዮ የኃይል ምንጭ ስለመምረጥ

እንደሚታወቀው በክፍል ውስጥ ስለ ፓወር ሰፕላይ ስንማር የምናየው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ነው። አቧራ የለ፣ መንገጫገጭ የለ። እኔም ለተግባር ልምምድ ወደ ጋይንት እስክሄድ ድረስ ሳጥኑ ላይ "12 ቮልት፣ 20 አምፔር" የሚል ካየሁ ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ስሟ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ተነስተው በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ወደ በሽሎ ሲወርዱ ደግሞ ቆላ ነው። በእስቴ በኩል ጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይጋርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የስልክም ሆነ የቪኤችኤፍ ሞገድ ሸንተረር ያስቀረዋል። ኤችኤፍ ሬዲዮ ግን ሞገዱን ሽቅብ ልኮ ከአዮኖስፌር ስለሚያስመልስ ገደል ውስጥ ያለውን ሰው ከሌላ ገደል ጋር ያገናኛል።

የተመደብኩበት ድርጅት ፒክአፕ ላይ 100 ዋት ኤችኤፍ ሬዲዮ ተገጥሟል። ሾፌሩ ገና እንደተዋወቅን፣ "አንተ ልጅ፣ ይሄ ሬዲዮ ጉድ ሠርቶኛል" አሉኝ። ስማዳ መንገድ ላይ ሞተሩ ተበላሽቶባቸው ሲጣሩ አድረዋል። ከቢሮ በስማቸው ሲጠሯቸው ይሰማሉ፤ ለመመለስ ማይኩን ሲጫኑ ግን የሬዲዮው መብራት ድርግም ይላል። "ጋሼ፣ ባትሪው ሞቶ ይሆናላ" አልኩ በድፍረት። ባትሪው አዲስ ነበር። ሞተሩ ተጠግኖ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሬዲዮው ምንም እንዳልሆነ ይሠራል።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮው ሲያዳምጥ 1 አምፔር እንኳ ላይስብ ይችላል፤ ሲናገር ግን ወደ 20 ይወጣል። ሞተር ጠፍቶ ስለካ ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት አገኘሁ። ማይኩን ተጭኜ ሳፏጭበት (በኤስኤስቢ የሚሳበው ኃይል ድምፅን ስለሚከተል፣ በንግግር ከሆነ መልቲሜትሩ አይደርስበትም) ባትሪው ወደ 12.1፣ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ግን ወደ 10.3 ወረደ። ሬዲዮው ከ10.5 በታች እንዳይሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ቮልት የት ገባ?

ሽቦው ውስጥ! የገጠመው ሰው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርግቷል። እንዲህ ያለው መዳብ በየሜትሩ 7 ሚሊኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ከባትሪ እስከ ሬዲዮ 5 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር፤ በ20 አምፔር ሲባዛ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረውን የዛገው የፊውዝ ቤት በልቶታል። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው 14 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ጉድለቱ ተሸፍኖ ይኖራል። ባለ 10 ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ስንዘረጋ ኪሳራው ወደ 0.35 ቮልት ወረደ። ፊውዙንም እባትሪው አጠገብ አደረግነው፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና ሬዲዮው ዘንድ ቢቀመጥ መሐል ላይ የሚነካካ ሽቦ ከእሳት አይድንም።

ሌላው የመንገዱ ጣጣ ነው። የባትሪው ማሰሪያ በኮረኮንች ላልቶ ዲናሞው ኃይል እያመነጨ ሳለ ቢላቀቅ፣ ቮልቴጁ ለሰከንድ ክፍልፋይ ከ60 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ለመኪና የሚገዛ ኮንቨርተር ይህን ዓይነት ምት መቋቋሙ መግለጫው ላይ መጻፉን ማየት ነው። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ ደግሞ ኮንቨርተር መግዛት ግድ ነው። አንዳንዶች ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይጠልፋሉ፤ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ ጓደኛው ደግሞ ከልክ በላይ የተሞላ ይሆንና ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ።

ቢሮ ውስጥ ላለው ሬዲዮ ምርጫው ይለያል። ባለ ትራንስፎርመሩ ከባድ ፓወር ሰፕላይ ጠንካራ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን 220 የነበረው መስመር 170 ሲሆን ድምፁ ውስጥ እምም... የሚል ይገባል። ስዊቺንግ የሚባለው ቀላሉ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 264 ቮልት ይቀበላል፤ የማይረባው ግን ኤችኤፍ ላይ ጫጫታ ይለቃል። ከመግዛት በፊት ከሬዲዮ ጋር አገናኝቶ ማዳመጥ ነው። በተጨማሪም 3,000 ሜትር ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም፤ "30 አምፔር" የሚለው ቁጥር የማያቋርጥ ይሁን የቅጽበት ለይቶ ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል። እኛ በ13.8 ቮልት ከባትሪ ጋር አጣምረን አሠራነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሬዲዮው መሄዱን እንኳ አያውቅም።