ሕፃን ለጥፋቱ የሚጠየቀው ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው?



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሰባተኛ በኩል ስናልፍ ከአንድ ትንሽ ልጅ ማስቲካ ገዛን። መልሱን ብንቆጥረው 10 ብር ጐደለ። በሰው ፊት «ሌባ!» ብለን ጮኽንበት። ልጁ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠንና አለቀሰ። ዕድሜውን ብንጠይቀው «ስምንት» አለን። ከፍርሃት ይሁን ከጸጸት እንዳለቀሰ ግን መለየት አልቻልንም። መንገዱን ሙሉ ስንከራከር ሄድን።

ቅዱስ መጽሐፍ ዕድሜውን በቁጥር አይወስንም። በዘዳግም 1፥39 ክፉና ደጉን ያልለዩ ልጆች በአባቶቻቸው በደል ምክንያት ርስት አልተከለከሉም። ስለዚህ መለኪያው ማወቅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ስለ እነርሱ ቃል የሚገቡት የክርስትና አባትና እናት ናቸው። በልማድ ልጅ ጾም የሚጀምረው በ7 ዓመቱ ገደማ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም። ቅዱስ ቂርቆስ ግን ገና በ3 ዓመቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ለእምነቱ መስክሯል። እንግዲህ ማስተዋል ለሁሉም በአንድ ቀን አይመጣም።

የዚያ ልጅ ልብ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። ልጁ ገና ሲማር ሳለ ያስተማሩትም ያላስተማሩትም ይጠየቃሉ። እኛ ግን አውቀናል፤ ሉቃስ 12፥48 ብዙ ከተሰጠው ብዙ እንደሚፈለግበት ይነግረናል። ብሩ ተመልሶልናል። ልጁን በአደባባይ ያዋረድንበት ግን የእኛ ዕዳ ነው፤ ሄደን ይቅርታ ልንጠይቀው ተስማምተናል።

እግዚአብሔር ማስተዋልን ያድለን። አሜን።