በገለባ ውስጥ የተቆለፈው ኃይል

በዋግ ኽምራ በጋው እየገፋ ሲሄድ ግጦሹ ይመናመናል፤ የከብቱም ዋና ቀለብ የጤፍና የገብስ ገለባ እንዲሁም የማሽላ አገዳ ይሆናል። ሰንጋ ለማድለብ ያሰበ ገበሬ ግን ከብቱ ገለባ ጠግቦ እያደረ ሥጋ ሳይጨምር ይቀርበታል። ለምን?

ጉድለቱ የኃይል አይደለም። አንድ ኪሎግራም ደረቅ ገለባ ሲቃጠል 17 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ይህም ከማሽላ እህል ብዙም አያንስም። ከብቱ ግን ከዚህ ኃይል ግማሽ ያህሉን ሳይፈጭ በእበት ያስወጣዋል። ኩበት በምድጃ ውስጥ የሚነደው ስለዚህ ነው።

ስታርችም ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት በግሉኮሶቹ አያያዝ ነው። የሴሉሎስን ማያያዣ የሚበጥሱት የከብቱ የራሱ ኤንዛይሞች ሳይሆኑ በመጀመሪያው የጨጓራ ክፍል የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህም ሁለት እንቅፋት አለባቸው። አንደኛው ሴሉሎሱን አጥሮ የያዘው ሊግኒን ነው። ሁለተኛው የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ ተሕዋስያኑ በሚገባ እንዲሠሩ መኖው 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ሲገባ፣ የገለባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው።

የዩሪያ ማዳበሪያ ሁለቱንም እንቅፋቶች ያቃልላል። ለ100 ኪሎግራም ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎግራም ዩሪያ ከ50 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ በገለባው ላይ እኩል ከተርከፈከፈ በኋላ ገለባው በጉድጓድ ተጠቅጥቆ አየር እንዳያስገባ በፕላስቲክ ይሸፈናል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ሲለወጥ አሞኒያው የሊግኒኑን ማሰሪያ ያላላል፤ ከፊሉም በገለባው ውስጥ ቀርቶ ለተሕዋስያኑ ናይትሮጅን ይሆናል። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በሙቀት ስለሚወሰን፣ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ሦስት ሳምንት የሚበቃው በሰቆጣ ዙሪያ ደጋ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ሲከፈት ገለባው ሽታው እስኪቀንስ መናፈስ አለበት፤ ለጥጆች አይሰጥም። ዩሪያን እንዳለ መስጠት ወይም በጥብጦ ማጠጣት ከብቱን ይገድላል።

የታከመ ገለባ ብቻውን ሰንጋ አያደልብም፤ ፋጉሎና ፍሩሽካ ሊታከልበት ይገባል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌም የውኃው ድካም ከወጪ ሊቆጠር ይገባዋል። ሆኖም ዝናብ በሚያጥርበት አገር፣ አዲስ መኖ ከማብቀል አስቀድሞ በእጅ ያለውን ገለባ መክፈት የሚቀል መሆኑን መገንዘብ ይገባል።