ባልትናን በልክ መጻፍ

ባልትና በእጅ ይለመዳል። ባለሙያ እናት ወጥ ስትሠራ ጨውን በሚዛን አትመዝንም፤ ዓይኗና እጇ ይበቋታል። ታዲያ ያቺን እናት አይታ የማታውቅ፣ ባሕር ማዶ ያለች ሴት ያንኑ ምግብ መሥራት ብትፈልግ ከማን ትማራለች? እዚህ የምናነበው በዚህ ጥያቄ ብዙ ዓመት ስለደከሙ አንዲት አሜሪካዊት ነው።

ወይዘሮ ጁሊያ ቻይልድ በ1904 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ተወለዱ። በ1941 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1948) ባለቤታቸው ለአሜሪካ መንግሥት ሥራ ወደ ፈረንሳይ አገር ሲላኩ አብረው ፓሪስ ገቡ። ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ነች። ወይዘሮ ጁሊያ ያን ጊዜ ቋንቋውን በደንብ አያውቁም፤ በምግብ ሥራም ገና ጀማሪ ነበሩ። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ88 ሳንቲም ስለሆነ የፈረንሳዮቹ ማድቤት እንኳ ያጎብጣቸው ነበር። ቋንቋ ትምህርት ቤት ገቡ። ገበያውም ሌላ ትምህርት ቤት ሆናቸው፤ ከአትክልት ሻጮች ጋር እያወሩ ቃሉንም ዕቃውንም ለዩ።

በ37 ዓመታቸው ኮርዶን ብሉ ከተባለው የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ከቀድሞ ወታደሮች ጋር ተማሩ። አንድ ቀን ሽማግሌው መምህር እንቁላል ጥበሺ አሏቸው። «ይኸን እንኳ አውቃለሁ» ብለው ቢጀምሩ መምህሩ አስቆሟቸው። እሳቱ ለስለስ ይላል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ እንቁላሉ ሳይቸኩሉ ይጠበቃል፤ መርጋት ሲጀምር ይማሰልና ሳይደርቅ ይወጣል። በመጨረሻው ፈተናም መጀመሪያ ወደቁ። ከባድ ከባዱን ሲያጠኑ ቀላሉን ትተውት ነበርና። ደግመው ተፈትነው አለፉ።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ፈረንሳዊት ወይዘሮዎች ጋር ሆነው የፈረንሳይን ባልትና ለአሜሪካ ሴቶች በእንግሊዝኛ ሊጽፉ ተነሡ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዮች ዱቄትን በግራም ሲመዝኑ፣ አሜሪካኖች በኩባያ ይሰፍራሉ። ኩባያ ደግሞ እንደ ሰፋሪው ነው፤ ጠቅጥቆ የሞላና ነስነስ አድርጎ የሞላ እኩል ዱቄት የላቸውም። የእኛስ ቁና ከመንደር መንደር ይለያይ የለም? በዚያ ላይ የአሜሪካ ዱቄት ከፈረንሳዩ ይጠነክራል፤ ሊጡም አንድ ዓይነት አይሆንም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ምግብ ደጋግመው እየሠሩ ልኩን ጻፉ። ባለቤታቸው ወደ ጀርመን፣ በኋላም ወደ ኖርዌይ ሲዛወሩ ሥራው አልቆመም። ሴቶቹ በደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ አንዷ የሞከረችውን ሌላዋ በሩቅ አገር ሆና ታርማለች። መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ ያስቸገረው ዳቦ ነው። የፈረንሳይ ዳቦ ጋጋሪዎች ምድጃ እንፋሎት አለው፤ ቅርፊቱን የሚያሳምረው እርሱ ነው። የአሜሪካ የቤት ምድጃ ግን ይህ የለውም። ወይዘሮ ጁሊያና ባለቤታቸው አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ለዚህ ሙከራ 129 ኪሎ ያህል ዱቄት ጨረሱ። ይህ እኮ ከአንድ ኩንታል በላይ ነው! ሬይሞን ካልቬል ወደተባሉ የዳቦ መምህርም ፓሪስ ድረስ ሄደው ጠየቁ። መላው በ1963 ዓ.ም. በሁለተኛው መጽሐፍ ተጻፈ፦ ድንጋይ ወይም ጡብ በእሳት ይግላል፤ ከዚያ ምድጃው ውስጥ ባለ የውሃ ዕቃ ይጨመራል፤ እንፋሎቱ ቦግ ብሎ ሲነሣ በሩ ቶሎ ይዘጋል።