ነፈቃ ከፍቺ በኋላ፦ አባት ሲያገኝ፣ ሲያጣና ሲሞት



 

የየቲሞች ምዝገባ በተካሄደ ቁጥር ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው የሚመጡና አባቱ እንደሌለ እንድንቆጥረው የሚለምኑን እናቶች አሉ። ጠጋ ብለን ስንጠይቅ አባትየው በሕይወት አለ፤ ፈትቷት ሌላ አግብቷል፣ ሥራ አጥቶ ቀለቡን አቋርጧል፣ ወይም ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለዚህ ለየቲም ብላችሁ የሰጣችሁንን አደራ ለዚህ ልጅ ማዋል አንችልም። ይሁንና እናቲቱ የምትጠይቀው መብት አላት፤ ብዙዎች ግን አያውቁትም።

አስቀድመን የእናትንና የልጅን ነፈቃ እንለይ። ሊመለስባት በሚችል ጠላቅ የተፈታች ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ቀለብና መኖሪያ በባሏ ላይ ግዴታ መሆኑን ዑለሞች ተስማምተዋል። ፍቺው መመለስ የሌለበት ከሆነ በሐነፊይ መዝሀብ ሁለቱም ይገቧታል፤ በሻፊዒይ ግን እርጉዝ ካልሆነች መኖሪያ ብቻ ነው። እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ይቀልባታል። ዒዳዋ ሲያበቃ የራሷ ነፈቃ ይቋረጣል። የልጁ ግን አይቋረጥም፤ ካጠባችለትም በሱረቱ አጥ-ጠላቅ 65፡6 መሠረት ዋጋዋን ትቀበላለች።

መጠኑስ? በዚያው ሱራ 7ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ባለጸጋው በሀብቱ ልክ፣ ሲሳዩ የጠበበበትም ከተሰጠው ላይ እንዲቀልብ አዟል። የሻፊዒይ ፉቀሃዎች ይህን ይዘው የሚስትን የቀን ቀለብ በባለጸጋ ላይ ሁለት ሙድ፣ በመካከለኛ ላይ አንድ ተኩል፣ በድሃ ላይ አንድ ሙድ አድርገዋል። ሙድ የመካከለኛ ሰው የሁለት እጅ እፍኝ ነው። ለልጅ ግን የተቆረጠ ልክ የለም፤ የሚታየው የሚበቃው መጠን ነው። ስለዚህ አንድ ሹፌር ሚስቱን ሲፈታ ለልጁ በወር 3,000 ብር ተቆረጠበት እንበል። መኪናው ተሸጦ የቀን ሠራተኛ ቢሆን ቀለቡ እንዲቀንስለት ቃዲውን ይጠይቃል፤ በገዛ ፈቃዱ ማቋረጥ ግን አይችልም። ገቢው ቢያድግ ወይም የእህል ዋጋ ቢንር እናቲቱ እንዲጨመርላት ትጠይቃለች። ሌላ ባል ብታገባ የማሳደግ መብቷ ሊነካ ይችላል፤ የልጁ ቀለብ ግን ከአባቱ ትከሻ ወደ እንጀራ አባቱ አይሸጋገርም። ይህን ምክንያት አድርገው የሚያቋርጡ አባቶች ብዙ ናቸው፤ በእጅጉ ያሳዝነናል።

አባት ጨርሶ ቢያጣስ? መሥራት የሚችል ከሆነ ሠርቶ እንዲቀልብ ይገደዳል። ካልቻለ በሻፊዒይ መዝሀብ ግዴታው ወደ አባትየው አባት ያልፋል። በሐነፊይ ደግሞ እናት ሀብት ካላት ትቀልባለች፤ ያወጣችውም በአባት ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆይላታል።

እዚህ ላይ እህቶቻችን አጥብቀው እንዲያስተውሉ እንሻለን። የዒዳ ቀለብ ሳይከፈል ቢቀር በሻፊዒይ መዝሀብ በባል ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ያለፈው ጊዜ የልጅ ቀለብ ግን፣ ቃዲ በአባት ስም ተበድራ እንድትቀልብ ካልፈቀደላት፣ በሁለቱም መዝሀቦች ዕዳ ሆኖ አይቆይም። ሦስትና አራት ዓመት በትዕግሥት ቆይታ የምትመጣ እናት ያለፈውን የምታጣው ስለዚህ ነው። ትዕግሥቷ ምንዳ አለው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ወር አቤት ብትል ልጇን በጠቀመች ነበር። በአገራችን የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የቀለብን ጉዳይ የሚያዩት ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። አባት ካልተስማማ መደበኛው ፍርድ ቤት ክፍት ነው።

አባት ሲሞት ጉዳዩ ይለወጣል። የልጁ ቀለብ ከአባት ጋር ያከትማል፤ ልጁም አሁን የቲም ነው። ይሁን እንጂ ከእኛ በፊት የአባቱ ንብረት አለ። ያልተከፈለ የዒዳ ቀለብና ቃዲ ያስበደራት ገንዘብ እንደ ማንኛውም ዕዳ ከኑዛዜና ከውርስ በፊት ይወጣል። ፍቺው ሊመለስበት የሚችል ሆኖ በዒዳዋ ውስጥ ከሞተ እርሷም ትወርሳለች፤ ዒዳዋም ወደ አራት ወር ከዐሥር ቀን ይዞራል፤ እርጉዝ ከሆነች ግን እስክትወልድ ነው። ልጁ ከፊተኛዋ ሚስት መወለዱ ከውርሱ ቅንጣት አይቀንስበትም። የኋለኛዋ ሚስት ቤተሰብ ንብረቱን ተካፍሎ የፊተኛዋን ልጅ ወደ ማኅበራችን ሲልክ ግን አጋጥሞናል። ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ ስለ ውርሱ መጠየቃችንን ማንም ለልጁ እንደ መጨከን አይቁጠርብን።

አባቱ በሕይወት ላለ ችግረኛ ልጅ ደግሞ ዘካ አለ። በሱረቱ አት-ተውባ 9፡60 ከተዘረዘሩት ስምንት ተቀባዮች መካከል የቲም በስሙ አልተጠቀሰም፤ የቲምም ቢሆን ዘካ የሚሰጠው በድህነቱ ነው። ዘካችሁን ስትሰጡ «ለድሆች» ብላችሁ ከነየታችሁና ከነገራችሁን፣ ያችን እናት ከነልጇ በዚህ በኩል ልንቀበላት እንችላለን። ወላሁ አዕለም።