በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሰጥ የክብደት ቅነሳ ምክር፦ ጥቅሙ፣ ወሰኑና አደጋው

የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚናገረው ቃል ከጎረቤት ምክር ይልቅ ይሰማል። ታካሚው ለዘመድ የማይነግረውን ገመናውን የሚገልጥለት ሰው በመሆኑ፣ «ምግብ ይቀንሱ፤ ክብደትዎም ጭንቀትዎም ይቀልልዎታል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንደ ትእዛዝ ሊወሰድ ይችላል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ምክር አጠያያቂ የሚሆንባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ይመረምራል።

የመጀመሪያው፣ የክብደቱ መጨመር መንስኤ መድኃኒቱ ራሱ ሲሆን ነው። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የተባሉት የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ የሂስታሚንና የሴሮቶኒን ተቀባዮችን በመግታት የረኃብ ስሜትን ያበረታሉ። መወፈር የጤናና የምቾት ምልክት ሆኖ በሚታይበት ቤተሰብ ለውጡ እንደ መዳን ሊቆጠር ይችላል፤ ታካሚው ግን በራሱ አካል ሊሸማቀቅ ይችላል። በዚህ ላይ ባለሙያው መንስኤውን ሳይገልጽ «ምግብ ይቀንሱ» ሲል፣ የመድኃኒቱ ጉዳት የታካሚው ስንፍና ተደርጎ ይቀርባል። በዚህ ያፈረ ታካሚ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ ቢያቋርጥ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል።

ሁለተኛው፣ ምክሩ ከመድኃኒቱ ጋር ሲጋጭ ነው። ሊቲየም ከሰውነት የሚወገደው በኩላሊት በኩል ነው። ታካሚው ክብደት ለመቀነስ ጨውን በድንገት ቢተው ወይም ውኃ ቢያጎድል፣ ኩላሊት ሊቲየምን መልሶ ይይዛል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ወደ መርዛማነት ሊደርስ ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና ሲራመዱ መንገዳገድ ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ከእህልና ከውኃ በሚጾም ታካሚ ላይ ተጨማሪ የምግብ ገደብ ከመጣሉ በፊት የጾሙ ሁኔታ ሊጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው፣ የምግብ ገደቡ ራሱ የአእምሮ ችግር ሲያስከትል ነው። አንሰል ኪይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱት ሙከራ፣ 36 ጤናማ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት የተቀነሰ ምግብ ተሰጣቸው። በብዙዎቹ ላይ ድብርት፣ ብስጭት፣ ከሰው መራቅና ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ታየ። እነዚህ ምልክቶች ታካሚዎች እርዳታ ፍለጋ ወደ ባለሙያው የሚመጡባቸው ናቸው። የአመጋገብ ሥርዓት መዛባት ታሪክ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

ይህ ሁሉ ባለሙያው ስለ ክብደት ዝም ይበል ማለት አይደለም፤ ዝምታውም ታካሚውን ለስኳርና ለልብ ሕመም ሊያጋልጠው ይችላል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከሌሎች ማኅበራት ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ የሳይኮሲስ መድኃኒት የሚጀምር ታካሚ ክብደት በመነሻው፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ እንዲለካ መክረዋል። ጭማሪው ከመነሻው ክብደት 5 በመቶ ሲደርስም መድኃኒቱን መቀየር እንዲታሰብ አሳስበዋል። ይህን ለመጀመር ሚዛን፣ መዝገብና ጥያቄ ይበቃሉ።

እንግዲህ የምክሩ ትክክለኛነት የሚለካው በቅደም ተከተሉ ነው። ባለሙያው በቅድሚያ የታካሚውን መድኃኒትና የአመጋገብ ታሪክ ይጠይቃል። መድኃኒት የማያዝዝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን ለሐኪሙ ያስተላልፋል፤ የምግብ ዕቅዱም ለሥነ ምግብ ባለሙያ ይተዋል። ታካሚውም «ክብደቴን የጨመረው መድኃኒቱ ይሆን?» ብሎ የመጠየቅ፣ መልስም የማግኘት መብት አለው።