«ለሙከራ ነው» ሲሏችሁ

ከዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ መረጃ ክፍል ስሠራ፣ የቀጠሮ ሲስተም ሊሠራልን የተዋዋለ ድርጅት ቴክኒሻን መጥቶ የስድስት ወር የታካሚ ዝርዝር ጠየቀኝ። «ለሙከራ ነው፤ ስም አያስፈልገንም» አለኝ። ስምና የካርድ ቁጥር ያለባቸውን ዓምዶች ከኤክሴሉ አጠፋሁ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የመጡበት ቀንና የሕመሙ ዓይነት ቀሩ። በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁት። በማግስቱ ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ እንደተከፈተ የካርድ ክፍል ባልደረባዬ አጠገቤ ቆማ አንድ መስመር አነበበችና ፊቷ ተለወጠ። «ይቺ እኮ ጎረቤቴ ናት። ይህ ሕመም እንዳለባት አላውቅም ነበር» አለችኝ። በዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ቀበሌ፣ በዚያ ቀን የመጣች ሌላ ሴት አልነበረችም።

ስም ማጥፋት ታካሚን መደበቅ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ነገሩ ግን ቀድሞም የታወቀ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስም ተነሥቶለት ለተመራማሪዎች ሲሰጥ፣ ያኔ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ የመራጮችን መዝገብ በ20 ዶላር ገዝታ ከመረጃው ጋር አስተያየችው። የገዥውን የዊልያም ዌልድን የሕክምና መረጃም ለይታ አወጣች። የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ መለያ ቁጥር በቂ ነበሩ። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የልደት ቀኑን በትክክል ስለማያስመዘግብ ይህ የማይደርስብን ሊመስል ይችላል። ቀበሌና የመጡበት ቀን ግን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።

ስለዚህ አንድ ድርጅት ዝርዝር ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ «በዚህ ምን ልታውቁ ነው የፈለጋችሁት?» በሉት። መድኃኒት አስመጪው ማወቅ የሚፈልገው በወር ስንት የስኳር ሕሙማን እንደምታክሙ ከሆነ፣ የሚበቃው ቁጥር ነው። ደምራችሁ ስጡት፤ መዝገቡ እናንተው ጋ ይቅር። ድምሩም ቢሆን በቀበሌ ተከፋፍሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ካሳየ ሰው ያስለያልና ቀበሌዎቹን አንድ ላይ ጠቅልሉ፣ ወይም «ከ5 በታች» ብላችሁ ጻፉ። ሶፍትዌር የሚሞክር ሰው ደግሞ እውነተኛ ታካሚ ጭራሽ አያስፈልገውም። አበበና ጫላ እያላችሁ መቶ የፈጠራ ታካሚ ብትመዘግቡለት ሲስተሙ መሥራት አለመሥራቱ በደንብ ይታወቃል።

«ዓላማው እኮ በጎ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በለንደን ሮያል ፍሪ የተባለው የሆስፒታሎች ተቋም ያኔ የጉግል እኅት ድርጅት ለነበረው ዲፕማይንድ የ1.6 ሚሊዮን ታካሚዎችን መረጃ የሰጠው በድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የሚሞቱትን ለማትረፍ ነበር። መረጃው ሐኪሞችን በስልካቸው የሚያስጠነቅቅ ሲስተም ሊሞከርበት ሄደ። ታካሚዎቹ ግን በቅጡ አልተነገራቸውም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ሕግ መጣሱን ወሰነ። ልብ በሉ፤ ጥፋተኛ የተባለው መረጃውን የሰጠው ሆስፒታል ነው። እዚያም ሰበቡ ያው «ለሙከራ» ነበር።

በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የቢሮ ኃላፊያችሁ በቃል «ስጡት» ቢላችሁም በጽሑፍ እንዲያደርገው በትሕትና ጠይቁ። ጽሑፉ ምን እንደሚሰጥ፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ፣ ለሦስተኛ ወገን መተላለፍ እንደማይችልና መቼ እንደሚጠፋ ይናገር። ይህ አለቃን መጠራጠር አይደለም፤ ነገ ጥያቄ ሲነሣ እሱንም እናንተንም ያድናል።

የግድ የታካሚው ዝርዝር የሚያስፈልግ ከሆነ ባለቤቱ ይጠየቅ። ሰልፍ ላይ ሆድዋን ይዛ የቆመች ሴት ብዕር ሲሰጧት ትፈርማለች፤ ያ ፈቃድ አይባልም። ከታከመች በኋላ አስቀምጣችሁ፣ «እማማ፣ መረጃዎን የሚፈልገው የእኛ መሥሪያ ቤት ሳይሆን የግል ድርጅት ነው። ለዚህ ሥራ ሊጠቀምበት ነው። እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም» በሏት። ይህን ለማለት ጊዜ ከሌላችሁ መረጃውን ለመስጠትም ጊዜ የላችሁም ማለት ነው።

ማንም እንደ መስጠት የማይቆጥረው መስጠትም አለ። ሲስተም ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ብቻውን ሰርቨሩ ላይ ሲቀመጥ ወይም ከቢሮው ሆኖ ኤኒዴስክ በተባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሲገባ ሙሉውን ቋት ገልብጦ ሊሄድ ይችላል። አጠገቡ ተቀመጡ። በራሳችሁ የይለፍ ቃል አታስገቡት፤ የራሱ ይሰጠው፣ ሲጨርስም ይዘጋ።

እኔ ያኔ በማግስቱ ለዚያ ቴክኒሻን ደውዬ ፋይሉን እንዲያጠፋ ለመንሁት። ወጣቱ ደንግጦ ወዲያው መጣ፤ ላፕቶፑን በፊቴ ከፍቶ አጠፋው፤ ፍላሹንም መለሰልኝ። ለማን እንደላከው ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የድርጅቱ አሥራ አንድ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎት ነበር፤ ስድስቱ አውርደውታል።