በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚከሰት አጥንት ዘላቂ የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን

የውጭ ጆሮ ቦይ ኢንፌክሽን በጤነኛ ሰው ላይ ሲከሰት በአብዛኛው በጆሮ ጠብታ በጥቂት ቀናት ይድናል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች፣ በተለይም በዕድሜ በገፉ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ግን ከቆዳው አልፎ እስከ ራስ ቅል መሠረት አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ቻንድለር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረቡት ጽሑፍ «አደገኛ» የሚል ቅጽል ሰጥተውታል፤ ቅጽሉ ካንሰር ስለሚያስመስለው ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች አይመርጡትም።

ዋነኛው መንስኤ ሲውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የስኳር ሕመም ደቂቅ የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ ወደ ቦታው የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የነጭ የደም ሴሎች ብቃት ይዳከማል፤ የጆሮ ኩክም አሲድነቱ ይቀንሳል። ባክቴሪያውም በቦዩ ልም አጥንት ላይ ባሉ ተፈጥሯዊ ስንጥቆች ሾልኮ ይገባል። ኩክ ለማውጣት ጆሮን በውሃ ማጠብ ለበሽታው መነሻ የሆነባቸው ሕሙማን ተዘግበዋልና፣ ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ በስኳር ሕመምተኛ ላይ ጥንቃቄ ይሻል።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት መዘግየትን የሚያስከትለው በዋናነት የምልክቶቹ አሳሳችነት ነው። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ የነጭ የደም ሴሎች ቁጥርም ላይጨምር ይችላል። ሐኪሙን ሊያነቃው የሚገባው በምርመራ ከሚታየው ጉዳት እጅግ የበለጠ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ የጆሮ ሥቃይ ነው። በቦዩ ወለል ላይ፣ ልም አጥንቱና አጥንቱ በሚገናኙበት ስፍራ የሚበቅል ቀይ ሥጋ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ካንሰር አለመሆኑን ለማረጋገጥም ናሙናው ሊመረመር ይገባል። በኤችአይቪ ሕሙማን ላይ ይህ ሥጋ ላይታይ ይችላል፤ አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስም መንስኤ ሊሆን ስለሚችል በፀረ ባክቴሪያ ብቻ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው። የፊት ነርቭ ከራስ ቅል የሚወጣው በጆሮው አጠገብ በመሆኑ የፊት መጣመም ሲከተል «ብርድ መታኝ» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሕክምናው የደም ስኳርን ከመቆጣጠር ጋር ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት የሚወሰድ፣ ሲውዶሞናስን የሚያጠቃ መድኃኒት ይጠይቃል፤ ባክቴሪያው ካልተላመደው ሲፕሮፍሎክሳሲን በአፍ ሊሰጥ ይችላል። መላመዱ እየተስፋፋ በመሆኑ የፈሳሹ ናሙና ጠብታም ሆነ ክኒን ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። ሥቃዩ አጥንቱ ከመዳኑ አስቀድሞ ሊታገሥ ስለሚችል ብዙዎች መድኃኒቱን ለማቋረጥ ይፈተናሉ። ለክትትል የቀይ የደም ሴሎች የዝቃጭ ፍጥነት ምርመራ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ፍጥነቱ ዳግም ከፍ ካለ ሕመምተኛው ተሽሎኛል ቢልም እንደገና መመርመር ይኖርበታል።